ከምታደንቁት ሠዓሊ ምን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ ሥዕል ወዳዶች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ድሮ ሥዕል ለማየት መሃል ከተማ መውረድ ግድ ነበር። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ጋደም ያለ ወጣት በአንድ ምሽት የብዙ አገር ሠዓሊዎችን ሥራ በአውራ ጣቱ እየገፋ ያሳልፋል። ይወዳል፣ ያደንቃል፣ ለጓደኛው ይልካል። በማግስቱ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ግን ካየው ሁሉ እጁ ላይ የቀረ ነገር የለም። ቀረ ቢባል የቀረው የሌላ ሰው መልክ ነው፤ ያው ትልልቅ ዓይን፣ ያው ረጅም አንገት፣ ያው ወርቃማ ዳራ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለመሣል ፍላጎት ኖሯቸው ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ሃና ማርያም ወይም ከዚያም ወዲያ ለሚኖሩ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት አለመግባታችሁ እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። ሐሳቤ ይህ ነው፦ ከምታደንቁት ሠዓሊ መልኩን ተዉለትና የሚሠራበትን ደንብ ውሰዱ። መልኩ ወደ እናንተ ሲመጣ ቅጂ ሆኖ ይቀራል፤ ደንቡ ግን ከእናንተ ሰፈር ጋር ሲገናኝ እሱ ራሱ ያላሰበውን ይወልዳል።

አንደኛ፦ አንድ ሰው ብቻ ያዙ

ለሁለት ወይም ለሦስት ወር አንድ ሠዓሊ ይበቃል። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን እያደነቁ የሚኖሩ ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ ማንንም በቅጡ አያውቁም። ምርጫችሁ በዝና አይሁን። ስልካችሁ ውስጥ ካስቀመጣችኋቸው ምስሎች መካከል ደጋግማችሁ የምትከፍቱት የማንን ነው? እሱን ያዙ። በሕይወት ያለና እየሠራ ያለ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ነገ አዲስ ሥራ ያሳያል፣ አቅጣጫ ይለውጣል፣ ስትጠይቁትም ሊመልስ ይችላል።

ማንን እንደምትይዙ ግራ ከገባችሁ ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰሩ ጥቂት ሰዎችን ልጠቁም። አንጋፋው ታደሰ መስፍን በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚል ትርጉም ባለው ተከታታይ ሥራቸው በጉሊት የሚሸጡ ሴቶችን ቀጥ ብለው እንደቆሙ ይሥላሉ። ሴቶቹ ሙሉ ሰው ናቸው፤ የሚሸጡት ነገርና የቆሙበት ሜዳ ግን ቅርጽና ቀለም ብቻ እስኪቀር ተቀንሷል። በየማለዳው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚደረደርበት ሰፈር ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ከዚህ የቀረበ መምህር አታገኙም።

ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ እዚሁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ቀድሞ በክርና በአዝራር ይሰፋ ነበር፤ በኋላ መርካቶ የሚሸጠውን የተጣለ የኮምፒውተርና የስልክ አካል ሰብስቦ ሽቦ እየጎነጎነ፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በጣውላ ላይ እየለጠፈ ግዙፍ ሥራዎችን ሠርቷል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ነው፤ ስትጠጉ ሽቦ ነው።

አዲስ ገዝኸኝ ደግሞ ከተማን ይሠራል። በርና መስኮት፣ አጥርና ግድግዳ፣ ደሳሳ ቤትና ሕንፃ እርስ በርስ ተደራርበው፣ መሬት ሳይነኩ ተንሳፍፈው ይታያሉ። ዙሪያችሁ በየዓመቱ አዲስ ብሎክ እየቆመ ለምትኖሩት ለእናንተ ይህ እንግዳ ርእስ አይሆንም። ዳዊት አበበ ጀርባቸውን የሰጡ ሰዎችን ይሥላል፤ ፊት ሳይታይ ስለ ሰው ምን ያህል ማለት እንደሚቻል ከእሱ ትማራላችሁ። ኤፍሬም ሰሎሞን እንጨት እየቀረጸ ይሠራል፤ ወንበርና ነጠላ ጫማን እየደጋገመ ብዙ ነገር ያወራባቸዋል።

ካሜራ ከወደዳችሁ ሁለት ሰዎች አሉ። አይዳ ሙሉነህ የሰዎችን ፊትና ገላ ቀለም ቀብታ፣ ልብስና ዳራውን በደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ አቀናብራ የምታነሳ ፎቶግራፈር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችውም እሷ ናት። ግርማ በርታ በስልኩ የአዲስ አበባን መንገደኛ አንስቶ፣ ከነጥላው ከመንገዱ ቆርጦ አውጥቶ፣ በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጠዋል። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ከሚሰጡት የገንዘብ ድጋፍ ተሸላሚዎች አንዱ ሆኗል። «ካሜራ የለኝም» የሚለውን ምክንያት ስለዘጋልን ላመሰግነው እወዳለሁ።

ፊደል ለሚስባቸው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አሉ። የግእዝን ፊደላት እየለጠጡ፣ እየገለበጡና እየቆራረጡ ወደ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ሲለውጧቸው አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ካርታና የሕንፃ ፕላን ለሚስባቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚሁ ከተማ ተወልዳ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደችው ጁሊ ምሕረቱ አለች፤ የሕንፃ ንድፍ በንድፍ ላይ እየደረበች፣ በመካከሉ ግልጽ የቀለም ንብርብር እያደረገች፣ በላዩ በቀለምና በእጅ ምልክት ትሠራለች።

ሁለተኛ፦ ዋናውን ሥራ ሄዳችሁ እዩ

ስልክ ሥዕልን ሁሉ አንድ መጠን ያደርገዋል። ግድግዳ የሚያህለውም መዳፍ የሚያህለውም እኩል ይሆናሉ፤ የቀለሙ ውፍረት፣ የጨርቁ ድርና ማግ፣ የተሰረዘው መስመር ይጠፋል። ስለዚህ ከመረጣችሁት ሰው ሥራ ቢያንስ አንዱን በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ። የእሱ ባይገኝ እንኳ በቅርብ የሚዘመደውን እዩ።

ከከተማው ዳር መሃል መድረስ ግማሽ ቀን ይበላል፤ እንግዲያው አንድ ጉዞ ላይ ብዙ ቦታ ማያያዝ ነው። እኔ የምመክረው የስድስት ኪሎን መስመር ነው። ከአያት በኩል የምትመጡ ቀላል ባቡሩን ይዛችሁ ስታዲየም ወርዳችሁ በታክሲ ወደ ስድስት ኪሎ ውጡ፤ ከአቃቂና ከቱሉ ዲምቱ የምትመጡ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ተቀባብላችሁ ድረሱ። እዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ገብረ ክርስቶስ በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰና ረቂቅ ሥዕልን በአገራችን ካስተዋወቁት ግንባር ቀደም አንዱ ስለሆነ፣ የዛሬዎቹ ከየት እንደተነሡ ለማየት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ቁልቁል በእግር ወደ አምስት ኪሎ ውረዱ። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ከሉሲ በላይ ባለው ፎቅ ሥዕል መኖሩን ብዙ ጎብኚ አያስተውልም፤ ሉሲን አይቶ ይመለሳል። የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም እዚያው አካባቢ ነው። በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ የተመራቂ ተማሪዎች ዐውደ ርእይ ሲከፈት እንዳያመልጣችሁ፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ስማቸው የሚነሣ ሰዎችን ቀድማችሁ የምታዩበት ዕድል ነው።

ለጀሞ፣ ለላፍቶና ለሃና ማርያም ሰዎች መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ይቀርባል። ኤልያስ ስሜ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2019 በሩን ከፍቷል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ የአያቶቻችን ግንብ ማለት ነው፤ ነገር ግን ላዩ በእጅ በተሠራ ጌጥ ተሞልቷል። ሥዕሉን ሳታዩ ግድግዳውን ብቻ አይታችሁ ብትመለሱ አትከስሩም። ቦሌ አካባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ከጠቀስኳቸው ሠዓሊዎች የበርካታዎቹን ሥራ ሲያሳይ ቆይቷል። ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን፣ የመግቢያ ዋጋ ካለም ዋጋውን በስልክ አረጋግጡ፤ በሁለት ታክሲ ተጉዞ የተዘጋ በር ማየት ያበሳጫል።

ስለ ጋለሪ አንድ ነገር። ብዙ የዳር ሰፈር ልጆች በሩ ላይ ደርሰው «ሳልገዛ ልገባ ነው?» ብለው ይመለሳሉ። ግቡ። ሥዕል የሚሸጥ ጋለሪ አብዛኛው ጎብኚው የማይገዛ መሆኑን ያውቃል። ሰላምታ ስጡ፣ ተማሪ መሆናችሁን ንገሩ፣ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉት።

ሦስተኛ፦ አንድ ሥራ ፊት ቁሙ

ክፍሉን በፍጥነት አንድ ጊዜ ዙሩና ከዚያ አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ። ሃያ ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ አምስት ደቂቃው ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ነው መታየት የሚጀምረው። ስሙንና ማብራሪያውን አስቀድማችሁ አታንብቡ፤ ካነበባችሁ የተጻፈውን ብቻ ነው የምታዩት።

ከሦስት ቦታ እዩት። ክፍሉ እስከፈቀደ ድረስ ከሩቅ፦ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ያርፋል? ቀጥሎስ ወዴት ይሄዳል? ከቅርብ፣ ሳትነኩ፦ ምን በምን ላይ ተደረበ? የትኛው መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ ተቀባ? የኤልያስን ዓይነት ሥራ ያለዚህ ርቀትና ቅርበት ማየት አይቻልም። ሦስተኛው ከጎን ነው፤ አንገታችሁን አዘንብላችሁ ብርሃኑ ላዩ ላይ ሲያልፍ ተመልከቱ። ቀለሙ የት እንደወፈረና የት ጨርቁ ራቁቱን እንደቀረ የሚያጋልጠው ይህ ነው። ሠዓሊ ሌላ ሠዓሊ ዐውደ ርእይ ላይ ሲገባ ከጎን ሲያይ ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ደብተራችሁን አውጥታችሁ በእርሳስ ንደፉት። እንዲያምር አይደለም፤ ትልልቁን ቅርጽ፣ የጨለማውንና የብርሃኑን ቦታ፣ ባዶ የተተወውን ቦታ ብቻ። ባዶ ቦታው ላይ ልዩ ትኩረት ስጡ። ጀማሪ ሁሉንም ይሞላል፤ የታደሰን ሥራ የሚያቆመው ግን በሴቶቹ መካከል የተተወው ነው። ንድፉ ጎን በቃላት ጻፉ፦ ስንት ቀለም ነው የተጠቀመው? ምን ይደጋግማል? እኔ ብሆን እጨምረው የነበረውንና እሱ የተወው ምንድን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያስተምራል።

አራተኛ፦ አንድ ቅጂ ሥሩ፣ ከዚያ አስቀምጡት

ቅጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት በቅጂ ነው ሲማሩ የኖሩት። አንዱን ሥራ በምትችሉት መጠን ቅዱ፤ ሲቀዳ እጃችሁ የሚያቅተው ቦታ ላይ ሠዓሊው የሚያውቀውና እናንተ የማታውቁት ነገር አለና እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ።

ቅጂው ግን ከቤት አይውጣ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈው ገብረ ክርስቶስ እንኳ ገና ጥበቃ ሥር ነው። የሰው ሥዕል ቀድቶ ለካፌ መሸጥና ስሙን መዝለል በየሰፈሩ የተለመደ ሆኗል። ተለመደ ማለት ግን ተፈቀደ ማለት አይደለም።

አምስተኛ፦ ደንቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የመመሪያው ወገብ ይህ ነው። ካያችሁት፣ ከነደፋችሁትና ከቀዳችሁት በመነሣት ሠዓሊው የሚሠራበትን መንገድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ውብ»፣ «ጥልቅ»፣ «ስሜት የሚነካ» ከሚሉት አንዱ ከገባበት የጻፋችሁት ምስጋና ነውና ቅደዱት። ደንብ ግሥ አለው፤ ሥራውን አይቶ የማያውቅ ሰው አንብቦ ሊሠራበት ይችላል።

ለምሳሌ የግርማን ሥራ አይቼ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ሰውዬውን ከነጥላው አስቀር፤ መንገዱን በሙሉ አጥፋ፤ ቦታውን አንድ ቀለም ይያዘው»። ለኤልያስ፦ «አንድ ዓይነት የተጣለ ነገር በብዛት ሰብስብ፤ አንድ በአንድ በእጅ አያይዝ፤ ከሩቅ ሌላ ነገር እስኪመስል አታቁም»። ለዳዊት፦ «ፊቱን ከልክል፤ ትከሻው ይናገር»። እነዚህ እኔ ሥራቸውን አይቼ ያወጣኋቸው እንጂ እነሱ የተናገሯቸው አይደሉም፤ እናንተ ሌላ ልታወጡ ትችላላችሁ፣ ማውጣትም አለባችሁ።

ደንብ ሲተላለፍ መልክ እንደማይተላለፍ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት የቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነበር። አዲስ አበባ ሲማር ካስተማሩት አንዱ ታደሰ መስፍን ናቸው። የመምህሩ ሴቶች ቀጥ ብለው፣ ረግተው፣ በክብር ይቆማሉ፤ የተማሪው ሰዎች ገላቸው ተጠላልፎ፣ ተጣሞ፣ ክፍሉ ጠቧቸው ይታያሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ መልካቸው አይገናኝም። የሚጋሩት ሰውን አተኩሮ ማየትን ነው።

ስድስተኛ፦ ዕቃውን ከደጃፋችሁ አምጡ

የሠዓሊ ዕቃ ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ቀለምና ሸራ ገዝቶ መለማመድ ለብዙዎቻችሁ አይታሰብም። ይሁን እንጂ ግንባታ ያላለቀበት ሰፈር መኖር ለዚህ ሥራ በረከት ነው።

ለሸራ አቡጀዲ ግዙ። ከአናጺ የተረፈ ቀጭን ጣውላ ለምናችሁ አራት ማዕዘን ሥሩ፤ አቡጀዲውን ስትወጥሩ ከማዕዘን አትጀምሩ። ከአንዱ ጎን መሃል አንድ ሚስማር፣ ከትይዩው መሃል አንድ፣ ከዚያ ሌሎቹ ሁለት ጎኖች፤ ከመሃል ወደ ማዕዘን እየተፈራረቃችሁ ሂዱ። ነጭ የእንጨት ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፣ ይድረቅ፣ ድገሙት፤ በመጨረሻ በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ የግድግዳ ቀለም ቀቡበት። ካርቶን ከሆነ ፊቱንም ጀርባውንም ቀቡ፤ አንድ ጎን ብቻ ከተቀባ ይቆለመማል። ከወረቀት የተሠራ የሲሚንቶ ከረጢት ካገኛችሁ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ውጭ አራግፉት፤ የውስጡ ቡናማ ወረቀት ለከሰል ንድፍ ከተገዛው ወረቀት ይሻላል።

ከሰሉንም ራሳችሁ ሥሩ። እርሳስ የሚያህሉ ደረቅ ቀጫጭን እንጨቶችን ልጣቸውን ልጣችሁ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አጥብቃችሁ ደርድሩ። ክዳኑ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ አድርጉና እሳት ውስጥ አስቀምጡት። ከቀዳዳው የሚወጣው ጭስ ሲያቆም አውጡት። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ከከፈታችሁት አየር ያገኝና አመድ ይሆናል።

አፈርም ቀለም ነው። ወደ እንጦጦ በኩል ያላችሁ ቀይ አፈር አላችሁ፤ ወደ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ ደግሞ ያ ጫማ የሚያወልቀው ጥቁር መረሬ። አድርቃችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ በሳሳ ጨርቅ ነፍታችሁ በቀጠነ ኮላ አሹት። መረሬው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መንገዶቻችንንና አጥሮቻችንን የሚሰነጥቀውም ይኸው ባሕርዩ ነው። ስለዚህ በቀጭኑ ደጋግማችሁ ቀቡ። ስንጥቁን ራሱን ከፈለጋችሁት ግን አወፍሩት።

የኤልያስን መንገድ የምትከተሉ ጥንቃቄ አድርጉ። የተጣለ ሽቦና የተሰበረ ስልክ ከቆራሌው በርካሽ ይገኛል። ሽቦ ለመላጥ ብላችሁ ፕላስቲኩን አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት አትስበሩ፣ ባትሪ አትክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ ከሥራ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። ትንንሽ ልጆች ካሉበት ክፍል አርቁት።

ሰባተኛ፦ ደንቡን ሰፈራችሁ ላይ ፈትኑት

አሁን የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ውጡ። የወሰኔን ደንብ ከያዛችሁ የታክሲ ረዳት የሚጠራቸውን ቦታዎች፣ የሱቅ ማስታወቂያዎችን፣ «የሚሸጥ ቤት» የሚል የግድግዳ ጽሑፍን ሰብስቡ፤ አንዱን ፊደል መርጣችሁ እስከማይነበብ ድረስ ለጥጡት፣ ከዚያ ግማሽ መንገድ ተመለሱ። የጁሊን ከያዛችሁ የብሎካችሁን ቅርጽ በቀጭን ወረቀት ገልብጡ፤ ሌላ ወረቀት ደርባችሁ ልጆች ሲጫወቱ የሚሮጡበትን መስመር፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ከብሎኩ በፊት የነበረውን እርሻና የእግር መንገድ ሣሉ። የነበረውን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ከየረር ተራራ ወዲህ የነበረውን የጤፍ ማሳ አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። የአዲስ ገዝኸኝን ከያዛችሁ የጎረቤት በሮችን ብቻ አጥኑ፤ አንድ ዓይነት ሆነው የተሰጡ በሮች ሰው ሲገባባቸው እንዴት እንደተለያዩ ታያላችሁ።

ሰውን ስትሥሉ ወይም ፎቶ ስታነሡ ፈቃድ ጠይቁ። ጉሊት ላይ ከሆነ ቀጥታ ደብተር አትክፈቱ። መጀመሪያ ግዙ፣ በሌላ ቀንም ተመለሱ፣ ከዚያ «እማማ፣ እዚህ ዳር ተቀምጬ ብሥልዎ ይከፋዎታል?» በሉ። «ምን አለኝና ትሥለኛለህ?» ሊሉ ይችላሉ፤ መልሱን አዘጋጁ። ካልፈለጉ አመስግናችሁ ዕቃዎቹን ብቻ ሣሉ። የሠራችሁትን አሳዩ፤ አፍንጫዬ እንዲህ ነው ወይ ብለው ከሳቁ ቀጣዩ ይቀላል።

ስምንተኛ፦ ቢያንስ አምስት ሥሩ

አንድ ሥራ ደንቡን አይፈትነውም። የመጀመሪያውና ሁለተኛው የምታደንቁትን ሰው ይመስላሉ፤ አይገርምም። ሦስተኛው ላይ ትሰለቻላችሁ፤ ስልቸታው ጥሩ ምልክት ነው። አራተኛው ላይ ደንቡን ሆን ብላችሁ አንድ ቦታ ጣሱት፦ ከሩቅ የሚታየውን ትንሽ አድርጉት፣ ደማቁን ቀለም በአፈር ለውጡት፣ ጀርባ የሰጠው ሰው ግማሽ ይዙር። አምስተኛው ከጣሳችሁት ተነሥቶ ይሠራል። ሁሉንም በአንድ መጠን ሥሩ፤ ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው የተለወጠው ምን እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ከእያንዳንዱ ጀርባ ቀን፣ የተጠቀማችሁበት ዕቃና የደንቡ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ክረምት ሲገባ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አቁሟቸው፤ አዲስ ልስን እርጥበት ይተፋል።

ዘጠነኛ፦ አሳዩ፣ ምንጫችሁንም ተናገሩ

የብሎኩ ደረጃ፣ የጋራ መገልገያ ሕንፃው፣ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት፣ የጓደኛ ጸጉር ቤት ሁሉ ግድግዳ አለው። ኮሚቴውን አስፈቅዳችሁ አምስቱን ስቀሉ። ከሥራው አጠገብ አጭር ወረቀት ለጥፉ፦ ስማችሁ፣ ዓመቱ፣ ዕቃው፣ ቀጥሎም «የእገሌን ሥራ በማጥናት የተሠራ»። ማንን እንዳጠናችሁ መናገር አያሳንሳችሁም፤ የደበቃችሁት ዕለት ግን የሚያውቅ ሰው አይቶ ይፈርዳል።

ለሠዓሊው መጻፍ ከፈለጋችሁ አሳጥሩ። «ሥራዎን በጣም እወዳለሁ» የሚል መልእክት በየቀኑ ይደርሰዋል፤ ምን ብሎ ይመልስ? እናንተ ያያችሁትን ሥራ ጥቀሱ፣ ያወጣችሁትን ደንብ በአንድ መስመር ጻፉ፣ ከአምስቱ ሁለቱን ሥራ በፎቶ አያይዙ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ጥያቄው ስለ ዕቃ ወይም ስለ አሠራር ቢሆን መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፦ ሽቦው ጣውላው ላይ በምን ተያዘ? የመጀመሪያው ንብርብር ስንት ቀን ይደርቃል? ፎቶውን ከሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ፣ ሥራውን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁ አንሡት። መልስ ቢዘገይ አትጨቅጭቁ፤ ዐውደ ርእይ ሲከፍት በመክፈቻው ምሽት ሄዳችሁ ደብተራችሁን በእጃችሁ ብታሳዩት ይሻላል፤ ወደ ሰፈር የሚመለሰው የመጨረሻው ታክሲ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።